340 ስም ከመለጠፍሽ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲነሣ ዘመድ አዝማዱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ያኔ ነው አያቴን አስቀምጬ ትውልድ ማስቆጠር የጀመርሁት። አሁን 340 ስም፣ ፎቶ፣ የልደትና የሞት ቀን ያለበት የቤተሰብ ዛፍ አለኝ። ውጭ ያሉት ዘመዶቻችንም እንዲያዩት በአንድ ነጻ ድረ ገጽ ላይ ልለጥፈው ስል አክስቴ ‹እኔን ከዚያ ውስጥ አውጪኝ› ብላ ተቆጣች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ጉዳቱ ምንድን ነው?»

እህቴ፣ መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት መዛግብት ላይ ነው። አሁንም አራት ኪሎ ባለችው ትንሽ ቢሮዬ ከሚመጡልኝ ሰዎች ግማሾቹ እንዳንቺ የአያት ደብተር የያዙ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገባሽን ልበል፦ አያት በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብሎ ማስቆጠር ትልቅ ሥራ ነው። ሠፈር ሲነሣ እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤትም አብሮ ይነሣል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ገላን ከገቡ በኋላ የሚተርፈው አንቺ የጻፍሽው ነው። ልፋትሽን አልቃወምም። የምቃወመው መለጠፉን ነው፤ እሱንም ጨርሶ ሳይሆን፣ 340ውን ስም እንዳለ መለጠፉን።

አክስትሽ ምክንያቷን አለመናገሯ አይገርመኝም፤ አንቺም እንድትነግርሽ አታስጨንቂያት። ምክንያቱን ከተናገረችው እኮ መደበቁ ቀረ። እኔ በሥራዬ የገጠሙኝን ምክንያቶች ልነግርሽ እችላለሁ፤ የእሷ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ትውልድ መቁጠር በእኛ አገር ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም። የርስት ሥርዓት በነበረበት አካባቢ መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ሐረጉ ራሱ ነበር። ያየኋቸው የርስት ክርክሮች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ከሳሽ «እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ» እያለ ወደ ራሱ ይወርዳል። ተከሳሽ ከመሀል አንዷን ስም ይይዝና «እሷ መካን ነበረች፤ ይህ ሰው ከየት መጣ?» ይላል። በአንዲት ስም ምክንያት ቤተሰብ ሙሉ ከርስቱ ይነቀላል፣ ወይም ይተከላል።

በዚህ የተነሣ ትውልድ አዋቂ ሽማግሌዎች ለማን እንደሚቆጥሩ ይመርጡ ነበር። ለተሟጋች ወገን ሲሆን ዝም ይላሉ። ለልጅ ልጅ ሲሆን የጀግናውን፣ የደጉን፣ የቄሱን ይቆጥራሉ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት አንዱንም አያስቀሩም፤ እዚያ ላይ መደበቅ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው። ሐረጉ ያው አንድ ነው፤ የሚነገረው ግን እንደ ሰሚው ነበር።

ኢንተርኔት የሚያጠፋው ይህችን ምርጫ ነው። አያትሽ ያን ሁሉ ሲነግሩሽ ፊታቸው የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ፤ አውቀውሽ፣ አምነውሽ ነው የነገሩሽ። ድረ ገጹ ፊት ማን እንደሚቀመጥ ግን እሳቸውም አያውቁም፣ አንቺም አታውቂም።

የራሴን ልንገርሽ፤ ከማንም ጥፋት በፊት የራሴ ይቀድማልና።

በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የእናቴን ወገን ሐረግ በአንድ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ። የቀዳሁት አንድ አጎቴ ለዓመታት ሲጽፈው ከኖረ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ስሞቹ ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ሰፍረዋል። አንዲት ስም ብቻ በትልቋ አክስቴ ሥር በእርሳስ ተጽፋለች፣ ስስ ሆና፣ ደብተሩን ወደ ብርሃን ካላዘነበልሽው የማትታይ። ለምን በእርሳስ እንደሆነች አልጠየቅሁም። የመዝገብ ሰው ነኝ፤ የተጻፈውን እንዳለ መገልበጥ ታማኝነት መስሎኝ ነበር። እንደ ሌሎቹ ስሞች አስገባኋት።

በቤታችን ያቺ ሴት የአክስቴ ታናሽ እህት ተብላ ነው የምትታወቀው። አያቴ ናት እንደ ልጇ ያሳደገቻት። አክስቴ ሳታገባ የወለደቻት መሆኗን የሚያውቁት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አጎቴ እንዳይረሳ ጻፈው፣ እንዳይነበብ ደግሞ በእርሳስ አደረገው። ውጭ አገር ያለ አንድ ዘመድ ዛፉን አይቶ ስክሪንሾት አንሥቶ ለሌላው ላከ፤ ሌላው ለሌላው። በአምስተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጠራ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ልጆች ያሏት፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «እቴቴ እናቴ ናት እንዴ?» አለችኝ።

በዚያው ሌሊት አጠፋሁት። ግን ምን ዋጋ አለው? በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች የእኔን ዛፍ ወደ ራሳቸው ገልብጠውት ነበር። ጻፍሁላቸው፤ አንዱ አነሣልኝ፣ ሁለቱ መልስም አልሰጡኝ። አንደኛው ዛፍ ዛሬም አለ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ አክስቴ ጋ ለይቅርታ ሄድሁ። ቡና አፍልታ ተቀበለችን፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እስክታርፍ ድረስ እንደ ድሮው ቀና ብዬ ዓይኗን ለማየት አልደፈርሁም።

ድረ ገጽ እርሳስ የለውም። በደብተር ላይ ስስ ሆኖ የተጻፈው፣ «ይባላል» የተባለው፣ በጆሮሽ የተነገረሽ ሁሉ እዚያ ሲገባ አንድ ዓይነት ጥቁር ፊደል ይሆናል። አያትሽ ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉበት ቦታ ካለ ተመልሰሽ አስቢው።

አሁን ወደ ሌቦቹ ልምጣ። ባንክ ቤት ሒሳብ ስትከፍቺ የእናትሽን ሙሉ ስምና የልደት ቀንሽን ይጠይቁሻል፤ ማንነትሽን ሲያጣሩም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ይህ ሁሉ ዛፍሽ ላይ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር በር የሚያስከፍተው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። በትክክል የመለሰ ሰው ይገባል፣ ይበላል፣ ያድራል፤ ገንዘብም ቢጠይቅ አይከለከልም። ባለፈው ዓመት ያገኘኋቸው አንድ ጡረተኛ እንዲህ ነው የተታለሉት። ደዋዩ በስማቸው ጠራቸው፤ የሟች እህታቸውን ስም፣ የባሏን ስም፣ የትውልድ መንደሯን ሳይቀር ተናገረ፤ «የእሷ የልጅ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሆስፒታል ገብቶ» አለ። እሳቸውም ሳይጠራጠሩ በቴሌብር ላኩለት። በኋላ ሲጣራ ያ ሁሉ ዝርዝር አንዲት የወንድማቸው ልጅ በፍቅር ከሠራችው የቤተሰብ ገጽ ላይ ቃል በቃል ተገኘ። ሰውየውን ያስለቀሳቸው የሄደው ብር አልነበረም፤ «የእህቴን ስም ሲጠራ ድምፁ እሷን መሰለኝ» ነው ያሉኝ።

ሦስተኛው ነገር በየቤታችን ያለና ብዙም የማይወራ ነው። ወረቀትና ትውልድ የማይገናኙበት ቤት ብዙ ነው። ልጅ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ጋ ይማራል፤ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በአጎቱ ስም ይመዘገባል። ወይም አያት ያሳደጉት ልጅ የአያቱን ስም አባት ብሎ ይይዛል። ማንም ለክፋት አላደረገውም፤ የያኔው መዝጋቢ «አባት ማን ነው?» ሲል የቀረበው ሰው ስሙን ተናገረ፣ አለቀ። ያ ስም ግን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ፣ ዲግሪው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይ እየተከተለው ሄደ። ዛሬ ያ ሰው ምናልባት ውጭ አገር ይኖራል፤ ቤተሰቡን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገብቷል። አንቺ በቅንነት በእውነተኛ አባቱ ሥር ስታስገቢው፣ ስሙን ፈልጎ የሚያገኝ ማንኛውም መርማሪ ወይም የተጣላው የትዳር ጓደኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ ይችላል። ውሸት ጻፊ አልልሽም። ያንን እውነት መቼና ለማን መናገር እንዳለበት የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ስለ ሕመም፣ ስለ ወገንና ስለ ፖለቲካ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ለምን እንደሚጎዱ ታውቂዋለሽና። ብዙ ደብተሮች ላይ ከሞት ቀኑ ጎን የሞቱ ምክንያት ይጻፋል። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን በሐዘን ቤት «በሳንባ ነው» እየተባለ የታለፈው፣ ዛሬ በስሙ ቢጻፍ ልጆቹ አሉ፤ የሚያገቡ፣ ሥራ የሚጠይቁ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በነበረው የቀይ ሽብር ጊዜ ከአንድ ቤት አንዱ የተገደለ፣ ሌላው በቀበሌ ጠመንጃ የያዘ ይገኛል፤ መስቀል አደባባይ ባለው መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ፎቶው የተሰቀለ ወጣት የወንድሙ ልጆችና የዚያኛው ልጆች ዛሬ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። አያት ቅድመ አያታቸው በባርነት የኖሩ፣ ወይም በሸማና በብረት ሥራቸው የተናቁ ሰዎች ልጆችም አሉ፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ጋብቻ ሲጠየቅ ዛሬም ያንን ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ብሔርም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ፋይዳ ላይ አይጻፍም። የእያንዳንዱን ቅድመ አያት መንደር የዘረዘረ ዛፍ ግን ለ340 ሰው በአንድ ጊዜ መልሶ ይጽፈዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጤናን፣ የዘረ መል መረጃንና የብሔር ማንነትን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ጋር መመደቡ ያለ ነገር አይደለም።

«ድረ ገጹ በሕይወት ያሉትን ሰዎች ይሸፍናል» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ይሸፍናሉ። ነገር ግን ይህ አሠራር የቤተሰብ ስም፣ ማለትም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ አንድ ስም፣ ላለው አገር የታሰበ ነው። በሕይወት ያለውን ልጅ ስም ሸፍኖ የሞቱትን አባቱንና አያቱን ሲያሳይ፣ በእኛ አጠራር የልጁን ሙሉ ስም ሁለት ሦስተኛ አሳየ ማለት ነው፤ ለሚያውቀው ሰው የቀረውን መገመት የደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞም ማን እንደሞተና ማን በሕይወት እንዳለ ድረ ገጹ የሚያውቀው አንቺ ከምትሞዪው ነው። አንድ ቦታ ላይ በስሕተት «አርፏል» ብለሽ ከነካሽ ሰውየው ከነልደት ቀኑ አደባባይ ወጣ።

የተቆለፈ ነው የሚባለውስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ማይሄሪቴጅ የተባለው የቤተሰብ ዛፍ ድረ ገጽ የ92 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹ ኢሜይልና የተመሰጠረ ፓስወርድ ከውጭ ሰርቨር ላይ መገኘቱን አስታወቀ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ2023 በትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ላይ የደረሰው ነው፤ ምራቅ ተልኮለት ዘረ መል የሚመረምር የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሰርጎ ገቦቹ የድርጅቱን ግንብ አልሰበሩም። ከሌላ ቦታ የተሰረቁ ፓስወርዶችን እየሞከሩ፣ አንዱን ፓስወርድ በየቦታው የሚጠቀሙ ወደ 14,000 ሰዎች አካውንት ገቡ። ነገር ግን «ዘመዶቼን አሳየኝ» የሚለው አገልግሎት ክፍት ስለነበር ከእነዚያ 14,000 ሰዎች ተነሥተው የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ቁጥሩን ልብ በይው። ፓስወርዱ የደከመው የአንዱ ነው፤ የተወሰደው ግን እንደተያያዘ ሐረግ ሁሉም ነው። ድርጅቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ የሰዎቹ መረጃ ከሚሸጠው ንብረት ጋር ተቆጠረ። ዛሬ ነጻ የሆነልሽ ድረ ገጽ ነገ የማን እንደሚሆን አንቺ አትወስኚም።

ከዛፉ ቀጥሎ ውጭ ያሉት ዘመዶችሽ «ምራቅም እንስጥ» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ፖሊስ ለአርባ ዓመት ሲፈለግ የነበረ ነፍሰ ገዳይ የያዘው እሱ ራሱ ምራቅ ሰጥቶ አይደለም። ጌድማች በሚባል ክፍት ድረ ገጽ ላይ የሩቅ ዘመዶቹ ዘረ መል ተገኘ፤ ከዚያ መርማሪዎች የቤተሰብ ዛፍ እየሠሩ ወደ እሱ ወረዱ። መያዙ ደግ ነው። እኔ የምልሽ፣ ሦስተኛ ቤት የሆነ ዘመድ የሰጠው ምራቅ ያልተጠየቀውን ሰው ያወጣል። በእኛም አገር በኩል ይህ ቅርብ ነው። ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ከመቆሙ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሄደዋል፤ አሁን አድገው እናታቸውን ይፈልጋሉ። መፈለጋቸው መብታቸው ነው፤ አግኝተው ሲተቃቀፉ አይቼ አልቅሻለሁ። ነገር ግን እዚህ ያለችው እናት ለዛሬ ባሏና ልጆቿ ያልነገረችው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መገናኘት በሚታመን ሰው በኩል፣ ቀስ ብሎ መሆን አለበት እንጂ በአንድ ማለዳ «አዲስ ዘመድ ተገኝቷል» በሚል የስልክ መልእክት መሆን የለበትም።

ስለ ስሕተትም ልንገርሽ፤ ይህኛው ማንንም ላያስለቅስ ይችላል፣ ሥራሽን ግን ያበላሻል። ድረ ገጾቹ ዛፍ የሚለዋወጡበት ጄድኮም የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ያወጣችው ነው። የጎርጎርዮስን፣ የጁልየንን፣ የዕብራውያንን፣ የፈረንሳይ አብዮትን እንኳ አቆጣጠር ያውቃል። የእኛን አያውቅም። ስለዚህ «ጥር 1962» ብለሽ በቁጥር ስታስገቢ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ በፈረንጅ 1970 መሆን ነበረበት። «ኅዳር 1962» ከሆነ ደግሞ 1969 ነው፤ ልዩነቱ በአንዱ ስምንት፣ በሌላው ሰባት ይሆናል። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው ብለሽ 3 ብትጽፊ ማርች ይልሻል፤ ጳጉሜን ብትጽፊ ጭራሽ አይቀበልሽም። ከዚያ እናት ከልጇ በአምስት ዓመት የምትበልጥበት ዛፍ ይወጣል።

ስማችንም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም በኑሯችን ውስጥ ሥር አልሰደደም፤ የአባትና የአያት ስም ይዘን ቀጠልን። ድረ ገጹ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዝና በዓለም ላይ ያለውን «ከበደ» ሁሉ ወንድማማች ያደርገዋል። በአማርኛም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእሱ ሁለት ሰው ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ገብረ ማርያም አምስት ዓይነት ይሆናል። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የፈረስ ስም ሲጨመርበት አስቢው፤ አባ ዳኛውና ዳግማዊ ምኒልክ ሁለት ሰዎች ሆነው የተቀመጡበት ዛፍ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ስሕተት አንዴ ከተለጠፈ ይገለበጣል፣ የተገለበጠውን ሌላው ይገለብጠዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺ ራስሽ «በአራት ዛፍ ላይ ስላየሁት እውነት ነው» ትያለሽ፤ አራቱም ግን ከአንቺ የወጡ ናቸው። እንደ ፋሚሊ ሰርች ባሉት ላይ ደግሞ የሟቾቹ ዛፍ የጋራ ነው፤ አያትሽ የቆጠሩልሽን አንድ የማታውቂው ሰው ነገ ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እኔ ለሚመጡልኝ ሰዎች የማደርገውን ልንገርሽ። ሁለት ዛፍ ሥሪ። አንደኛው ሙሉው ነው፦ ስሙም፣ ሚስጥሩም፣ «ይባላል» የተባለውም፣ ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽም። ይህ በደብተርና በፍላሽ ይቀመጥ፤ ኢንተርኔት አይንካው። ከቤተሰቡ አንድ የምታምኚው ሰው ሁለተኛውን ቅጂ ይያዝልሽ፤ ደብተር ይቃጠላል፣ ፍላሽም ይበላሻል።

ሁለተኛው የሚታየው ነው። እሱ ላይ የሚገቡት ያረፉት ብቻ ይሁኑ፤ እነሱም ቢሆኑ ስም፣ በዓመተ ምሕረት የተጻፈ ዓመትና አገር ብቻ ይበቃቸዋል። ወደ ፈረንጅ መቀየር ካስፈለገ አንቺው ቀይሪና የእኛውን በማስታወሻው ላይ አስቀሪ። የሞት ምክንያት፣ የትዳር ቁጥር፣ «ከእገሊት ውጪ የተወለደ» የሚል ነገር አይግባ። በሕይወት ያለ ሰው የሚገባው አንቺ ራስሽ ጠይቀሽው እሺ ካለ ነው፤ እሺ ያለውም ያለ ልደት ቀንና ያለ ፎቶ ይግባ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የማትፈልጉ ንገሩኝ» ብሎ መጻፍ መጠየቅ አይደለም፤ አክስቶችሽ ግሩፑን አያነቡትም፣ ያነበቡትም በሰው ፊት እምቢ አይሉም። ለእያንዳንዱ ደውዪ። 340 ስም ውስጥ በሕይወት ያሉት ምናልባት ግማሹ ናቸው፤ በሳምንት አሥር ብትደውዪ በአራት ወር ይደረሳል። በዚያ ላይ ስትደውዪ ያልሰማሽውን ታሪክ ትሰሚያለሽ፤ እኔ ዛፌን ያስተካከልሁት በነዚያ ስልኮች ነው።

ዛፉን ለውጭ ዘመዶች ስትልኪ ጄድኮሙን እንዳለ አትላኪ። በስክሪኑ ላይ የሸፈንሽው ማስታወሻ በፋይሉ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ በኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ስትከፍቺው ይነበባል። ለየቅርንጫፉ ለየብቻ በፒዲኤፍ አድርጊው፤ የአትላንታው ዘመድ የራሱን የአያቱን መሥመር ይይ፣ የሌላውን ቤት አይይ። ለአካውንቱ ሌላ ቦታ የማትጠቀሚበትን ፓስወርድ ስጪው፤ ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ በሁለት ደረጃ የሚገባበትንም አብሪው። እዚህ አገር ላሉት ደግሞ በትልቅ ወረቀት አሳትመሽ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ አያትሽ ቤት ግድግዳ ላይ ስቀዪው፤ እስክሪብቶና እርሳስ አጠገቡ አስቀምጪ። የትኛውን በየትኛው መጻፍ እንዳለባቸው ትልልቆቹ ያውቃሉ።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ስሟን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ልጆቿና ባሏ ከቀሩ ባዶው ቦታ ራሱ እሷን ይጠቁማል። ሙሉ መሥመሯን ከሚታየው ዛፍ አውጪ። ከዚያ ስልክ አትደውዪ፤ ሂጂ። ስልክሽን አውጥተሽ የወጣበትን ቦታ አሳያት፣ «ያልሽኝን አድርጌያለሁ» በያትና ለምን እንደሆነ ሳትጠይቂ ቡናውን አብረሻት ጠጪ።